ቲቸር፣ ለምን?

«ዲዛይን ትተሽ ነው ማስተማር የገባሽው?»

ይህን የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ አብረውኝ የሠሩ ሰዎች ናቸው። የመምህር ደሞዝ ስንት እንደሆነ ስለሚያውቁ ጥያቄው ውስጥ ትንሽ ሐዘኔታ አለበት። አንዳንዶቹ ደግሞ «በቃ ሰለቸሽ አይደል?» ይሉኛል። አልሰለቸኝም። ግራፊክ ዲዛይንንም አልተውኩም። ግን ይህን ቡና ላይ ቆሜ ሳስረዳ ሁልጊዜ ግማሹ ይቀርብኛል። ስለዚህ ዛሬ ተቀምጬ ልጻፈው።

መጀመሪያ የሠራሁት ማተሚያ ቤት ነው፤ ከዚያ ማስታወቂያ ድርጅት ገባሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ወራቱን የሚያውቃቸው በሥራው ዓይነት ነው። ሐምሌና ነሐሴ የአዲስ ዓመት ካላንደርና አጀንዳ ይጎርፋል። ጥር ሲቃረብ የሠርግ ጥሪ ካርድ ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ደግሞ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሪፖርቱንና ብሮሹሩን ይዞ ይመጣል። በጀቱ ተመላሽ ከመሆኑ በፊት መታተም አለበት። «ለነገ ጠዋት ድረሺልኝ» ያላለኝ ደንበኛ ትዝ አይለኝም።

ሥራውን እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ። በተለይ ማተሚያ ማሽኑ ጎን መቆም ደስ ይለኛል። ሳያን፣ ማጄንታ፣ ቢጫና ጥቁር በየተራ ወረቀቱ ላይ አርፈው አንድ ፊት፣ አንድ ሰማይ፣ አንድ ሰሃን ምግብ ሲሆኑ ማየት አይሰለቸኝም። ማሽኒስቱ ከሚሮጠው ወረቀት መሃል አንዱን ስቦ ያወጣል። ማጉያ መነጽሩን አስጠግቶ ነጥቦቹን ያያል። «ማጄንታው ሸሽቷል» ይላል፤ ቁልፉን ነካ አድርጎ ይመልሰዋል። እኔ ባዶ ዓይኔን ሳፈጥ ምንም አላይም ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ማየት ጀመርኩ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም። ታያለህ፣ ትሞክራለህ፣ ትቆጣለህ፣ በመጨረሻ ትለምደዋለህ። እኛ ጋ ሙያው ከሰው ወደ ሰው የሚያልፈው እንደዚህ ነው።

በየዓመቱ ለተግባር ልምምድ ከኮሌጅ የሚላኩ ልጆች ነበሩ። አፓረንት እንላቸዋለን። ብዙ ቦታ አፓረንት ማለት ሻይ የሚያመጣና ፍላሽ የሚያመላልስ ልጅ ነው። እኔ ጎኔ አስቀምጣቸው ነበር። ከነሱ አንዷ፣ ዝምተኛ ልጅ፣ አንድ ቀን ስክሪኑን ስታይ ቆየችና «ይሄንን ጽሑፍ ለምን ወደ ግራ ሳብሽው?» አለችኝ።

«እንደዚህ ይሻላላ።»

«እሱማ ይሻላል። ግን ለምንድን ነው የሚሻለው?»

ቀኑን ሙሉ በውስጤ ሲመላለስ ዋለ። ማታ ታክሲ ውስጥም አብሮኝ ነበር። እጄ ያውቀዋል፣ ዓይኔ ያውቀዋል፣ አፌ ግን አያውቀውም። በማግስቱ ለልጅቷ መልስ ይዤላት መጣሁ። የምስሉ ክብደት ወደ ቀኝ ነው፤ ሰውየው የሚያየው ወደ ግራ ነው፤ የአንባቢው ዓይን ሰውየው ወደሚያይበት አቅጣጫ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጽሑፉን እዚያ አስቀመጥነው። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀችና ወዲያው ሌላ ሥራ ላይ ያንኑ ሞከረችው። በሚቀጥለው ሥራዋ ደግሞ በተቃራኒው ሞከረችው፤ ምክንያቱን ስላወቀች መቼ ሊሻር እንደሚችልም ገባት። የዚያን ቀን የተሰማኝን ደስታ የትኛውም የታተመ ሥራዬ ሰጥቶኝ አያውቅም። ወደ ማስተማር የገባሁት ያን ቀን ይመስለኛል፤ ኮሌጁ የማታ ክፍለ ጊዜ እንድይዝ የጠየቀኝ ግን ብዙ ቆይቶ ነው።

ማስተማርን ከመሥራት በታች የሚያስቀምጠው አስተያየት ከየት እንደመጣ አይገባኝም። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምሮ ሲመለስ ሥዕል መሳል ብቻ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ማስተማር ጀመረ፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም መሠረተ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ተምሮ መጥቶ እዚያው አስተምሯል። እስክንድር ቦጎሲያንም አስተምሯል። እነዚህ ሰዎች ሥራ አጥተው አይደለም ክፍል የገቡት።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ለምዝገባ የሚመጣ ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ሶፍትዌር ታስተምራላችሁ?» ነው። ፎቶሾፕ፣ ኢለስትሬተር፣ ኢንዲዛይን፣ ኮሬል ድሮው እየተባለ ይቆጠራል። ማስታወቂያዎቹም የሚጽፉት ይህንኑ ነው። ልጆቹን አልወቅሳቸውም። ሥራ ሲጠየቁ የሚጠየቁት እሱን ነው። ግን ሶፍትዌር ዛሬ ዩቲዩብ ላይ በነፃ ይገኛል፤ አንዳንዱ ተማሪዬ ከእኔ የፈጠነ እጅ አለው። ፎቶሾፕ የሚችል ሁሉ ዲዛይነር ነው ማለት ምጣድ ያለው ሁሉ እንጀራ ይጋግራል ማለት ነው። እኔ ለልጆቹ የምጨምርላቸው ነገር ሌላ መሆን አለበት። ያም ሌላ ነገር የዚያች አፓረንት ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ተርም ላይ ለእኔ ከባዱ ነገር እጄን ከማውዙ ማራቅ ነበር። አንድ ልጅ ፖስተር ይዞልኝ መጣ። ሁሉም ነገር መሃል ለመሃል ተደርድሯል። ርዕሱ ወርቃማ ነው፤ ያብለጨልጫል፤ ጥላም አለው። ሦስት ዓይነት ፎንት አለ። ጥጉ ላይ ቦታ ስለተረፈ አበባ ገብቷል። ስቱዲዮ ቢሆን «እስቲ ዞር በል» ብዬ ወንበሩን ወስጄ ወዲያው አስተካክለው ነበር። ሥራው ያምራል፤ ልጁ ግን ምንም ሳያተርፍ ይሄዳል። እዚህ እጄን ኋላዬ አጣምሬ እቆማለሁ።

«ይሄ ፖስተር መንገድ ላይ ተለጠፈ እንበል። ሰውየው ታክሲ ለመያዝ እየሮጠ ነው። ምኑን እንዲያይልህ ነው የምትፈልገው?»

«ሁሉንም፣ ቲቸር።»

«አንዱን ብቻ ነው የሚያየው። የቱን?»

ልጁ ዝም ይላል። ከዚያ «ቀኑን» ይላል። «ቀኑ የት አለ?» እለዋለሁ። ጣቱን ይዞ ይፈልጋል። ታች፣ ከአበባው ጎን ያገኘዋል። ከዚህ በኋላ እኔ መናገር የለብኝም። አበባው ራሱ ይወጣል። ወርቁ ይወጣል። ይህ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ አንዳንዴ ሳምንት ይወስዳል። ግን ያ ልጅ ቀጣዩን ፖስተር ሲጀምር ከቀኑ ይጀምራል።

የማስተማሪያ መጻሕፍቱ ጉዳይ ሌላ ነው። እጃችን ላይ ያሉት የፊደል አቀማመጥ መጻሕፍት የተጻፉት ለላቲን ፊደል ነው። ስለ ትልቁና ትንሹ ፊደል፣ ስለ ኢታሊክ (ስለ ተጋደመው ፊደል)፣ ወደ ላይ ስለሚወጣና ወደ ታች ስለሚወርድ ጭረት ያወራሉ። እኛ ጋ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለም። ኢታሊክም የለም። 33 ፊደል በ7 ቤት 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከዚያ ያልፋል። ልጆቹ እንግሊዝኛውን አጥንተው ፈተና ያልፋሉ፤ ከዚያ በሕይወታቸው ሙሉ በአማርኛ ይሠራሉ። ይህ ያሳስበኛል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለፊደል ሰጠኋቸው።

ሲጀመር ኮምፒውተር የለም። ወረቀትና አፉ ሰፊ ብዕር ብቻ። «ለ»ን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ገጹን ሞልተው ይጽፋሉ። መጀመሪያ ይስቃሉ። የሕፃን ሥራ ይመስላቸዋል። ቀስ እያሉ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጽፉት የኖሩትን ነገር አይተውት እንደማያውቁ ይገባቸዋል። ካዕቡ ወገቡ ላይ አንዲት ጭረት ወደ ቀኝ ያወጣል። ሣልሱ ያችኑ ጭረት እግሩ ሥር ያወርዳታል። ራብዑ የግራ እግሩን ያሳጥራል። ኃምሱ እግሩ ሥር ቀለበት ያስራል። ሳድሱ እንደየፊደሉ መልኩን ይቀያይራል፤ ለዚህ ነው ልጅ ፊደል ሲቆጥር ሳድስ ላይ የሚደናቀፈው። እንግዲህ «ሊ»ን ከ«ሌ» የሚለየው እግሩ ሥር ያለችው ጭረት መጠቅለሏ ወይም አለመጠቅለሏ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያንኑ በ6 ፖይንት፣ ማለትም በጣም በትንሽ የፊደል መጠን፣ እናሳትመዋለን፤ አንዱን በለስላሳ ወረቀት፣ ሌላውን በጋዜጣ ወረቀት። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ይጠጣል። ቀለሙ ይሰፋል። የኃምሱ ቀለበት ይደፈናል። ልጆቹ ማጉያ መነጽሩን እየተቀባበሉ ያያሉ፤ «ሌ» የነበረው «ሊ» ሆኗል፣ «ቤ» «ቢ» ሆኗል። «ግን እኮ ይገባል» ይላል አንዱ። እውነቱን ነው፤ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲሆን ከዐውዱ እንገምታለን። የሰው ስም ግን አይገመትም። የመድኃኒት ስምም አይገመትም። የመንደር ስምም እንደዚሁ። ይህን ካዩ በኋላ ፎንት የሚመርጡት በማማሩ ብቻ አይደለም። ቀለበቱ ክፍት ነው ወይ? ጭረቱ ከእግሩ በቂ ርቀት አለው ወይ? ብለው ነው። መስመርና መስመር መካከል ያለውን ክፍተትም እንዲሁ ያዩታል። ፊደላችን ቁመቱን ሞልቶ ስለሚቆም፣ ለእንግሊዝኛ የሚበቃው ክፍተት አማርኛውን ያጨናንቀዋል። ሁለት ቋንቋ ያለበትን ታፔላ በአንድ ቁጥር ከመጠንክ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። መመጠን ያለበት በዓይን ነው።

ልጆቹ ያላዩት ዘመንም አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደል የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ነበረው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ፋይል ዛሬም ፍላሽ ላይ ይመጣል፤ ልጆቹ «ቫይረስ ነው?» ይላሉ። ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር። አሁን እነ ኖቶና አቢሲኒካ በነፃ ይወርዳሉ። ምርጫው ከላቲኑ ጋር ሲተያይ ግን ገና ጥቂት ነው። አንዳንድ ተማሪዬ «ታዲያ ለምን እኛ አንሠራም?» ይላል። ይህንን ጥያቄ ስሰማ ክፍሉን አቁሜ ወደ እሱ እሄዳለሁ። የአማርኛ ፎንት መሥራት ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ የሚጀምረው ግን በትክክል እንዲህ ብሎ በጠየቀ ሰው ነው።

የኢታሊኩ ጉዳይ ለእኔም ትምህርት ሆነኝ። ተማሪ ቃል ማጉላት ሲፈልግ ቁልፏን ተጭኖ ፊደሉን ያጋድመዋል። ፊደሉ ለዚያ አልተሠራም፤ እግሩ ይንሻፈፋል። «ታዲያ በምን ላጉላው?» ሲሉኝ የብራና ፎቶ በፕሮጀክተር አሳየኋቸው። ጸሐፊዎቹ የእመቤታችንን ስም፣ የቅዱሳንን ስም፣ የምዕራፍ መክፈቻ በቀይ ነው የሚጽፉት። ገጹን ከሩቅ ስታየው የት መቆም እንዳለብህ ቀዩ ይነግርሃል። ከዚያ ሌላ ነገር አሳየኋቸው። ጸሐፊው መጻፍ ከመጀመሩ በፊት የብራናውን ዳርና ዳር በወስፌ ይወጋል። ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀለም በሌለው ጭረት ያሰምራል። ገጹ ሁለት ዓምድ ይሆናል፤ ኅዳጉ ይለካል። አንዱ ተማሪ ከኋላ ሆኖ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ግሪድ ነው!» አለ። ግሪድን፣ ማለትም ገጽ የሚከፋፈልበትን የመስመር መረብ፣ የተማረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስዊዘርላንድ ውስጥ እንደተስፋፋ ዘዴ ነው። ያም ልክ ነው፤ ስዊሶቹ ለዘመናዊው ሕትመት ሥርዓት አበጅተውለታል። ግን በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የተገመተው የአባ ገሪማ ወንጌልም ገጽ ተለክቶ የተጻፈ ነው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ብራና ለማየት የምንሄደው የታሪክ ትምህርት ለመማር አይደለም። ሌይአውት፣ የገጹን አቀማመጥ፣ ለማየት ነው።

ስለ ቀለም ትምህርቱ አጭር ልበል። ጆሴፍ አልበርስ የሚባል መምህር ነበር። ያስተምርበት የነበረው የጀርመኑ የዲዛይን ትምህርት ቤት ባውሃውስ በ1933 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ወደ አሜሪካ ሄዶ ማስተማሩን ቀጠለ። ተማሪዎቹን በቀለም ወረቀት ነበር የሚያሠራቸው፤ አንዱ ቀለም በሁለት የተለያዩ መደቦች ላይ ሲቀመጥ ሁለት ቀለም እንደሚመስል በዓይናቸው እንዲያዩ። እኔ ከሽሮ ሜዳ ቁርጥራጭ ጥለት አመጣሁ። ያው አንድ አረንጓዴ ክር ከቢጫ ጎን ሲሆንና ከጥቁር ጎን ሲሆን ሌላ ነው። አንዷ ልጅ እናቷ ሸማኔ ጋ ቀለም ስትመርጥ ለምን ያን ያህል እንደምትቆይ አሁን እንደገባት ነገረችን። ሸማኔውና አልበርስ አንድ ነገር ያውቃሉ።

ከሁሉም በላይ የከበደኝ ግን የሥራ ግምገማው ነው። የአንዱን ሥራ ግድግዳ ላይ ሰቅለህ «ምን ትላላችሁ?» ስትል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አሪፍ ነው» ይላል። ይሉኝታ ነው። ነገ አብሮ ሻይ የሚጠጣውን ጓደኛውን ሰው ፊት ማዋረድ ማን ይፈልጋል? ይህን ጠባያቸውን አልንቀውም፤ አብሮ መኖር የሚቻለው በሱ ነው። ግን ሥራው አይሻሻልም። ስለዚህ ደንቡን ቀየርነው። ሥራው ስም ሳይጻፍበት ይሰቀላል። «ቆንጆ» እና «አስቀያሚ» የሚሉት ቃላት የተከለከሉ ናቸው። የመጀመሪያው ዙር ላይ የሚፈቀደው ያዩትን መናገር ብቻ ነው። «መጀመሪያ ያየሁት ፎቶውን ነው።» «ስልክ ቁጥሩን ፈልጌ አጣሁት።» «ዋጋው ሁለት ይመስላል።» ይህ ስድብ አይደለም፤ ማንም አይከፋም። ግን የሥራው ባለቤት ስልክ ቁጥሩ እንደጠፋ አውቋል። ዝምተኞቹ ተማሪዎች ናቸው ጎበዝ ተመልካች ሆነው የተገኙት።

የዚህ ዓመት ትልቁ አሳይመንታችን የሕክምና ቀጠሮ ካርድ ነበር። ቀላል ይመስላል፤ ትንሽ ካርድ፣ ቀንና ሰዓት። አሁን «5/3፣ 3:00» የሚል ካርድ አስቡ። ኅዳር 5 ነው ወይስ ማርች 5? ጠዋት 3 ሰዓት ነው ወይስ የስልኩ 3:00፣ ማለትም ቀን 9 ሰዓት? የምንኖረው በሁለት ካላንደርና በሁለት ሰዓት አቆጣጠር ነው። በውጭ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ችግር የለም፤ መፍትሔውም የለም። ልጆቹ ራሳቸው ማውጣት ነበረባቸው።

አንዱ የሰዓት ሥዕል አደረገ። ሲወያዩበት ሥዕሉም ያው ችግር እንዳለበት ታየ፤ ነርሷ ሰዓቱን የምትሞላው በየትኛው አቆጣጠር ነው? ሌላው ካርዱን ይዞ ጎረቤቱ ወዳሉት እትዬ ሄደ። ማንበብ አይችሉም። «ቀጠሮዎን እንዴት ነው የሚይዙት?» ብሎ ጠየቃቸው። «የሚካኤል ማግስት ካልከኝ አልረሳውም» አሉት። ክፍል መጥቶ ሲነግረን ሁላችንም ደነገጥን። ወሩ ውስጥ 12 ሚካኤል ነው፣ 19 ገብርኤል ነው፣ 21 ማርያም ናት፤ ሴትዮዋ ሙሉ ካላንደር በአእምሯቸው ይዘዋል። ታዲያ ካርዱ ላይ የበዓሉን ስም እንጻፍ ተባለ። ያን ጊዜ አንዷ ሙስሊም ተማሪ እጇን አወጣች። «የኔ እናትስ? እሷ የምትቆጥረው ከጁምዓ ጁምዓ ነው።»

ክርክሩ ረጅም ነበር፤ እኔ ብዙም አልገባሁበትም። በመጨረሻ የተስማሙበት ነገር የሁሉም ሰው የሆነ አንድ ነገር ነው፦ የሳምንቱ ቀን። «ማክሰኞ» የሚለው ከካርዱ ግማሹን ያዘ። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ተጻፈ። ሰዓቱ «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ በቃል ሆነ፤ የስልኩ ሰዓት ከሥሩ በትንሹ ገባ። ማንበብ ለማይችሉት የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ፀሐይ በሁለት ምልክት ተለዩ፤ ነርሷ አንዱን ታከብበታለች። ልጁ እንደገና ወደ እትዬ ወሰደው። ፀሐዮቹን አይተው «ይቺ የጠዋት ናት፣ ይቺ ምንድን ናት?» አሉት። ሁለተኛዋን እንደገና ሣላት። አሁን ሦስተኛው እትም ላይ ነን፤ አልጨረስንም።

ያለንበትን ሁኔታ ማሳመር አልፈልግም። ኮምፒውተር ለሁሉም አይበቃም፤ ሁለትና ሦስት ልጆች አንዱን ይጋራሉ። መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል። የቀለም ማተሚያ ውድ ስለሆነ ልጆቹ ሥራቸውን ስክሪን ላይ ብቻ አይተው የሚመረቁበት ጊዜ አለ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሲደበዝዝ ያላየ ልጅ፣ የመጀመሪያው ደንበኛው ብር ላይ ነው የሚማረው። በወረቀትና በብዕር መጀመራችን ጥሩ ነው፤ ግን በወረቀት ብቻ መቅረት የለብንም።

ወላጆችም ይመጣሉ። አንድ አባት ልጃቸውን ሥዕል አስተምረን ጊዜውን የምናባክን መስሏቸው ተቆጥተው መጡ። ጋዜጣ በእጃቸው ነበር። ርዕሱን፣ ዓምዱን፣ የፎቶውን ቦታ እያሳየሁ ሰው ቁጭ ብሎ እንደወሰነው ነገርኳቸው። የያዙትን ጋዜጣ ገልብጠው እያዩ «ይሄም ሥራ ነው እንዴ?» አሉ። በትክክል ሥራ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህች ከተማ ያተማል፤ የገጾቹን ልክ ሲወስኑ የኖሩትን ሰዎች ስም ግን ሕዝቡ አያውቀውም።

አሁን አሁን ደግሞ «ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሁሉንም ከሠራው እኛ ለምን እንማራለን?» ይሉኛል። በቁም ነገር ነው የምመልስላቸው፤ ፍርሃታቸው እውነተኛ ነውና። አብረን እንሞክረዋለን። ምስሉ ብዙ ጊዜ ያምራል። ፖስተሩ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ስንጠይቀው ግን ደጋግሞ ፊደል የሚመስል፣ ማንም የማያነበው ነገር ሰጥቶናል። ይህ ወደፊት ይስተካከል ይሆናል። ያም ሆኖ ማሽኑ አሥር አማራጭ ሲያወጣ የቱ ለእትዬ እንደሚሆን የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። ለምን እንደሆነ መናገር የሚችልም ሰው።

እኔም አሁንም እሠራለሁ፤ ጥቂት ሥራ፣ ቀስ ብዬ። ደንበኛ «ሎጎውን ትንሽ አተልቂው» ሲለኝ ድሮ ወይ አተልቀው ነበር ወይ እናደድ ነበር። አሁን «ምን እንዳይጠፋብህ ፈርተህ ነው?» እለዋለሁ፤ ይነግረኛል፤ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ሎጎው ላይ አይደለም። ይህን የተማርኩት ከክፍል ነው።

በሚቀጥለው ተርም ያ የማጄንታውን መሸሽ የሚያየው ማሽኒስት ክፍላችን ሊመጣ ተስማምቷል። «እኔ ምን አስተምራለሁ፣ እጄ ነው የሚያውቀው» ብሎኝ ነበር። ልጆቹ ይጠይቁታል አልኩት። እስከዚያ ቁሳቁስ እየሰበሰብን ነው። ማተሚያ ቤት ወይም ስቱዲዮ የምትሠሩ ካላችሁ የተበላሸ ፕሩፍ (የሙከራ ሕትመት)፣ ያረጀ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ)፣ ቀለሙ የሸሸ ወረቀት አትጣሉ። በአቅራቢያችሁ ዲዛይን የሚያስተምር ቤት ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ምን ላይ እንደተበላሸም ለልጆቹ ንገሯቸው። በተለይ የተደፈነ «ሌ» ያለበት ካገኛችሁ።